ለውጥ ሲመጣ አብሮ መንደፍ፦ ስለ ዲዛይን ቲንኪንግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድርጅት ባለቤቶችና ሠራተኞች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

ዲዛይን ቲንኪንግ ምንድን ነው? የሎጎና የቀለም ነገር ነው?

አይደለም። «ዲዛይን» ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ልብስ፣ ሎጎ ወይም የቤት ፕላን ነው። እዚህ ግን ቃሉ አንድን የአሠራር መንገድ ነው የሚናገረው። ችግር ሲያጋጥም ቢሮ ተቀምጦ መፍትሔ ከማውጣት ይልቅ ችግሩ ያለበት ሰው ዘንድ ሄዶ ማየት። ከዚያ ትንሽ ነገር በእጅ ሠርቶ ለዚያው ሰው ማሳየት፣ የተሳሳተውን አርሞ እንደገና መሞከር። በአማርኛ «የንድፍ አስተሳሰብ» የሚሉት አሉ።

እኔ ሁሌ የምነግራችሁ የዳግ ዲትዝን ታሪክ ነው። ዲትዝ ጂኢ በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳየውን የኤምአርአይ ማሽን የሚነድፍ ባለሙያ ነበር። አንድ ቀን የሠራውን ማሽን ሊያይ ሆስፒታል ሄደ። በሥራው ኮርቶ ቆሞ ሳለ አንዲት ትንሽ ልጅ የወላጆቿን እጅ ይዛ እያለቀሰች መጣች። ማሽኑ ለሐኪም ግሩም ነው፤ ለእሷ ግን የሚጮህ ጨለማ ዋሻ ነው። ብዙ ሕፃናት ሳይንቀሳቀሱ እንዲተኙ ማደንዘዣ ይሰጣቸው ነበር። ዲትዝ የሕፃናትን ጠባይ ከሚያውቁና ሆስፒታል ውስጥ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ተመካከረ። ክፍሉንና ማሽኑን እንደ ባሕር ወንበዴዎች መርከብ አስቀቡት። ልጁ ወደ መርከቡ ይገባል፣ ጸጥ ብሎ ይተኛል፣ ሲጨርስ ከሀብት ሣጥኑ ትንሽ ስጦታ ይመርጣል። የማሽኑ ውስጥ አልተነካም። ማደንዘዣ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ቁጥር ግን በጣም ቀነሰ።

«በጋራ መንደፍ» ሲባል «በጋራ» የሚለው ለምን ይጨመራል? አንድ ጎበዝ ባለሙያ አይበቃም?

በ1981 እ.ኤ.አ. በስካንዲኔቪያ አገሮች ኮምፒውተር ወደ ጋዜጣ ማተሚያ ቤቶች እየገባ ነበር። ፊደል ለቃሚዎቹ፣ ማለትም ለኅትመት ፊደል የሚደረድሩት ሠራተኞች፣ ሙያችን ሊጠፋ ነው ብለው ሰጉ። የሠራተኛ ማኅበሮቻቸው ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው «ዩቶፒያ» የሚባል ፕሮጀክት ጀመሩ። እስከ 1985 ቆየ። ዓላማው ቀላል ነው፤ አዲሱን መሣሪያ የሚነድፉት የሚሠሩበት ሰዎች ራሳቸው ይሁኑ።

እዚያ ከተሠሩት ሁሉ እኔን የሚገርመኝ አንድ ባዶ ካርቶን ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡትና «ሌዘር ፕሪንተር» ብለው ጻፉበት። ዛሬ በየቢሮው ያለው ፕሪንተር ያኔ ለእነሱ የሩቅ ነገር ነበር። ሠራተኞቹ ግን በካርቶኑ ዙሪያ የወደፊት የሥራ ቀናቸውን ሠርተው አዩት። ወረቀቱ ከየት ይወጣል? ማን ያነሳዋል? ገጹን የሚያርመው ሰው የት ይቀመጣል? ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው ስለ ኮምፒውተር ሐሳብ መስጠት የቻለው ካርቶን ስለሆነ ነው። ካርቶን አያስፈራም።

«በጋራ» የምንለው ለጨዋነት ብለን አይደለም። እውቀቱ ተበታትኖ ስለሚገኝ ነው። ሒሳብ ሹሟ የምታውቀውን ሾፌሩ አያውቅም፤ ሾፌሩ በየቀኑ የሚያየውን ሥራ አስኪያጁ አይቶት አያውቅም።

ደረጃዎቹ ስንት ናቸው?

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው የዲዛይን ትምህርት ቤት አምስት ይላል፦ ሰውን መረዳት፣ ችግሩን መለየት፣ ሐሳብ ማፍለቅ፣ ናሙና መሥራት፣ መሞከር። የእንግሊዙ ዲዛይን ካውንስል ደግሞ በሁለት አልማዝ ቅርጽ በአራት ይከፍለዋል። በቁጥሩ አትጨነቁ። እየሄዱ መመለስም አለበት።

እኔ የማልደራደርበት ሁለተኛው ነው፤ ችግሩን መለየት። በ2007 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተማሪዎች ርካሽ የሕፃናት ማሞቂያ ማሽን እንዲሠሩ ታዘዙ። የሆስፒታሉ ማሽን ያኔ እስከ 20,000 ዶላር ያወጣ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ኔፓል ሄዶ ሆስፒታል ጎበኘ። በእርዳታ የመጡት ማሽኖች ባዶአቸውን ቆመዋል። ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱት ሕፃናት ያሉት ገጠር ነው፤ ሆስፒታሉ ጋ አይደርሱም። ስለዚህ ጥያቄው ተቀየረ። «ማሽኑን እንዴት እናርክሰው?» የነበረው «እናት ቤቷ ሆና ልጇን እንዴት ታሙቀው?» ሆነ። መልሱም ኤሌክትሪክ ሳይሰካ ለሰዓታት 37 ዲግሪ ሙቀት የሚይዝ ትንሽ የመኝታ ከረጢት ሆኖ መጣ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ይዘው ቢቀሩ ኖሮ ርካሽ ባዶ ማሽን ይሠሩ ነበር።

ነገሮች ቶሎ ቶሎ ሲለዋወጡ ይኼ ምን ይረዳል? ጥሩ ዕቅድ አይበቃም?

ዕቅድ ያስፈልጋል። ግን ዕቅድ ነገም እንደ ዛሬ ይሆናል ብሎ ነው የሚነሳው። የቅርቡን እናስታውስ። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጣ፤ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይቀበል የነበረ ሱቅ ስልክ ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ጥር 2016 ላይ የነዳጅ መኪና ማስገባት እንደተከለከለ ተሰማ፤ በዚያ ንግድ ላይ የነበረ ሁሉ ሐሳቡን መቀየር ነበረበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ተወሰነ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በሰኔ የተጻፈ የዓመት ዕቅድ በነሐሴ ምን ይሆናል?

እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጠቅመው ቶሎ ማወቅ ነው። ደንበኛው ምን ተወ? ምን ጀመረ? ምን ብናቀርብለት ይገዛል? ይህንን በትንሽ ገንዘብ በሳምንት የሚፈትን ድርጅት ቢሳሳት እንኳ የሚከስረው የሳምንት ወጪ ነው። ስድስት ወር አጥንቶ፣ ማሽን አስመጥቶ፣ ከዚያ የሚሳሳት ግን ማሽኑን ይዞ ይቀራል።

ድርጅቴ ትንሽ ነው። ይኼ የትልልቅ ኩባንያዎች ነገር አይደለም?

እንዲያውም ለትንሽ ድርጅት ይቀላል። ውሳኔ ለማግኘት ሦስት ቢሮ መዞር የለም።

አንድ ጊዜ እንጀራ ጋግሮ ለሱቆች የሚያከፋፍል ቤት ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ጤፍ ተወድዷል። ባለቤቷ ዋጋ ጨመረች፤ ከሱቅ የሚመለሰው እንጀራ በዛ። እንጀራውን ላሳንሰው ወይስ ጤፉን ልቀላቅለው እያለች ትጨነቃለች። ምጣዶቹ ባሉበት ክፍል ተሰበሰብን። እሷ፣ ሁለት ጋጋሪዎች፣ እንጀራውን በባጃጅ የሚያደርሰው ልጅ፣ አንድ ባለሱቅና ጎረቤት ያለች ደንበኛ። የሲሚንቶ ከረጢት ቀደን ግድግዳው ላይ ለጠፍንና የእንጀራውን መንገድ ከሊጥ እስከ ማዕድ ሣልነው። «እዚህ ጋ ምን ይሆናል?» እያልን በየቦታው ቆምን። ባጃጁ ጋ ስንደርስ ልጁ «እትዬ፣ የሚመለሰው እኮ ሁሌ የአስሩ ነው» አለ። አስር አስር ተደርጎ የታሸገው ማለቱ ነው። ባለሱቁ ቀጠለ። ሰው አሁን ሁለትና ሦስት ነው የሚለው፤ እሽጉን ፈትቶ ይሸጥለታል፤ የቀረው ሲደርቅ ይመልሰዋል። ክፍሉ ዝም አለ። ችግሩ መጠኑም ጤፉም አልነበረም። እሽጉ ነበር።

በማግስቱ ጥቂቱን ሦስት ሦስት አድርገው አሽገው ላኩ። ሌላው እንዳለ ሄደ። የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ፤ ትንሹ ፌስታል በእንፋሎት ረጠበ፣ የቀኑ ጽሑፍም ለቀቀ። ትልቋ ጋጋሪ «ሳይበርድ ስለምናሽገው ነው፤ ሰፌድ ላይ ይቆይ» አሉ። ቆየ። ከዚያ በኋላ የሚመለሰው እየቀነሰ መጣ። ለዚህ ሁሉ የወጣው የፌስታልና የከሰዓት ጊዜ ነው።

ማን ማን ይጋበዝ?

ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ስብሰባ ይሆናል። መወሰን የሚችል አንድ ሰው የግድ ይኑር፤ ገንዘቡን የሚያውቅ አንድ ሰውም። ሌሎቹ ደንበኛ ፊት የሚቆሙት ይሁኑ፦ ካሸር፣ አስተናጋጅ፣ ሾፌር፣ ስልክ የምታነሳዋ።

ጥበቃውን አትርሱ። ደንበኛ ባዶ እጁን ሲወጣ በሩ ላይ የሚያጉረመርመውን የሚሰማው እሱ ነው። ሁሌ «አይሆንም» የሚለውን ሰውም ጥሩት። ብዙ ጊዜ ከዚህ በፊት የተሞከረና የከሸፈ ነገር ስለሚያውቅ ነው አይሆንም የሚለው።

ስንት ቀን ይፈጃል?

በጣም የታወቀው የአምስት ቀን አሠራር ነው። ጄክ ናፕ የሚባል ሰው በ2010 እ.ኤ.አ. ጉግል ውስጥ ጀመረው፤ «ዲዛይን ስፕሪንት» ይባላል። ሰኞ ችግሩን በካርታ ይሥላሉ። ማክሰኞ እያንዳንዱ ሰው መፍትሔውን ለብቻው በወረቀት ይሥላል። ረቡዕ ይመርጣሉ። ሐሙስ ናሙናውን ይሠራሉ። ዓርብ ለአምስት ደንበኞች ያሳያሉ። ሆቴል ውስጥ ዕቃ የሚያደርስ ሮቦት የሚሠራ ያኔ ሳቪዮክ ይባል የነበረ ኩባንያ በዚህ መንገድ ነበር ሮቦቱ ሰው ፊት ምን ዓይነት ጠባይ ይኑረው የሚለውን የፈተነው። ሮቦቱ እንግዳው በር ድረስ ሄዶ የጥርስ ብሩሽ ሰጠ፤ ሲጨርስ ትንሽ ጨፈረ። እንግዶቹ ወደዱት።

አምስት ሰው ብቻ? አዎ። ጄከብ ኒልሰን የሚባለው የአጠቃቀም ባለሙያ አምስት ሰው ብቻ ቢፈትነው ከአንድ ዲዛይን የአጠቃቀም ችግሮች 85 በመቶ ያህሉ እንደሚወጡ አስልቷል። ይኼ ግን «ገበያው ስንት ነው?» ለሚለው መልስ አይሆንም። ሰው የት ጋ ተደናገረ የሚለውን ነው የሚያሳየው።

አምስት ቀን ሱቅ መዝጋት ለማይችል ደግሞ አንድ ከሰዓት ለማሰብ፣ አንድ ሳምንት ለመሞከር፣ አንድ ሰዓት ለመነጋገር በቂ ነው።

ምን ዕቃ፣ ምን ሶፍትዌር እንግዛ?

ምንም። ወረቀት፣ ማርከር፣ ፕላስተር፣ አሮጌ ካርቶን። አፕ ለማሠራት ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ የቴሌግራም ቻናል ክፈቱና ትዕዛዝ በእጅ እየመዘገባችሁ ለሁለት ሳምንት ሥሩበት። ሰው በቴሌግራም ካላዘዘ በአፕም አያዝዝም።

ከካይዘን በምን ይለያል? እኛ ካይዘን ሠልጥነናል።

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ድርጅት ውስጥ ይመጣል። ካይዘን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት፣ በጃይካ ድጋፍ ነው። የሙከራ ፕሮጀክቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። አምስቱን «ማ»ዎች፣ ማጣራት ማጽዳት እያልን የተማርነው ከዚያ ነው።

ካይዘን ያለውን ሥራ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ያሻሽላል። ብክነት ይቀንሳል፣ ዕቃ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ዲዛይን ቲንኪንግ የሚጠይቀው ከዚያ ቀድሞ ነው፤ ይኼን ነገር መሥራት አለብን ወይ? ሰው የማይገዛውን ጫማ ያለ ብክነት ማምረት ይቻላል። ሁለቱ ግን ዘመድ ናቸው። ሁለቱም መልሱ የሚገኘው ሥራውን ከሚሠራው ሰው ዘንድ ነው ብለው ያምናሉ። ካይዘን የለመደ ሠራተኛ ሐሳቡን ማውጣትና ወረቀት ላይ መለጠፍ ስለማይከብደው እናንተ ከሌላው ቀድማችኋል።

ደንበኛ ስንጠይቀው ሁሌ «ጥሩ ነው» ይላል። እንዴት እውነቱን እናገኛለን?

እኛ አገር የዚህ ሥራ ትልቁ ፈተና ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ። ይሉኝታ አለን። ሰው ፊት ለፊት «ምግብህ አልጣመኝም» አይባልም። በልቶ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ፣ ከፍሎ ይወጣል፤ ከዚያ አይመለስም። በውጭ መጽሐፍ ላይ ያለውን «አስተያየትዎን ይስጡን» የሚል ወረቀት ብትበትኑ «በርቱ» የሚል ይሞላላችኋል።

ስለዚህ አስተያየት አትጠይቁ። የሆነውን ጠይቁ። «አገልግሎታችንን እንዴት ያዩታል?» ከማለት «መጨረሻ የመጡ ቀን ምን ሆነ? ከበሩ ጀምረው ይንገሩኝ» ማለት ይሻላል። ሰው ስለ ራሱ ቀን ሲያወራ ይሉኝታው ይለቀዋል። «ግማሽ ሰዓት ቆሜ፣ ከዚያ ልጅቷ መጥታ…» ይላል። ቅሬታ መናገሩን እንኳ ልብ አይለውም።

ሁለተኛ፣ አንድ ናሙና ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ሁለት ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ብቻ ካሳየነው መጥላት ነውር ይሆንበታል። ሁለት ሲሆን መምረጥ ብቻ ነው፤ ሲመርጥ ደግሞ የሌላውን ጉድለት ይዘረዝርላችኋል። ናሙናውን የሠራው ሰው ከጎን አይቁም። ከዘመድም ሆነ ከጓደኛ አትጀምሩ፤ እነሱማ ይወዷችኋል።

ሦስተኛ፣ እጁን ተመልከቱ። አፉ «በጣም ጥሩ» እያለ ጣቱ ስልኩ ላይ የሚጫነው ጠፍቶት ሲንከራተት ታያላችሁ። ስትረዱት ግን ሙከራው አለቀ። ዝም ብሎ ማየት ከባድ ነው። እንግዳ ተቀባይ ሰው ሲቸገር አይቶ መቀመጥ አይችልም፤ እኔም ብዙ ጊዜ እጄን ጠረጴዛ ሥር እይዛለሁ።

ሠራተኞቼ እኔ ፊት አይናገሩም። ምን ላድርግ?

አትፍረዱባቸው። ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም ተብለን ነው ያደግነው። ግምገማ ላይ የተናገረ ሰው በኋላ ምን እንደገጠመው ያየም ይኖራል። «ነጻ ሁኑ፣ ተናገሩ» የሚለው ቃል ይኼን አያጠፋውም።

የሚሠራው ከመናገር በፊት መጻፍ ነው። ለሁሉም ወረቀት ይታደላል፤ አሥር ደቂቃ ማንም አይናገርም፤ ሁሉም ይጽፋል። ወረቀቶቹ ተደባልቀው ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ስም የለባቸውም። የጽዳቷ ሠራተኛና የሥራ አስኪያጁ ወረቀት ጎን ለጎን ይሆናል። መጻፍ የማይችል ካለ ይሣል፤ ሁሉም ቢሥል ደግሞ የተሻለ ነው፤ ማንም አይለይም። ማርከሩን አለቃው አይያዝ። እሱ መጨረሻ ይናገር። አንቱታው ይቀጥል፤ ክብርን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ተራውን ብቻ ነው የምንገለብጠው።

አለቃ ሆነህ ይኼን ካነበብክ አንድ ነገር ልለምንህ። የመጀመሪያው መራር ወረቀት ሲለጠፍ ሁሉም ፊትህን ነው የሚያየው። «ማን ጻፈው?» ካልክ ጨርሰናል።

ብዙ ሐሳብ መጣ። የቱን እንምረጥ?

ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ነጥብ ስጡትና በወደደው ወረቀት ላይ ያድርግ። ድምፁ ሐሳቡ የት እንዳለ ያሳያል። ውሳኔው ግን የወሳኙ ሰው ነው፤ በድምፅ ብልጫ ብቻ ከተኬደ ማንንም የማያስቀይመው መካከለኛ ሐሳብ ያሸንፋል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ በዚህ ሳምንት፣ ባለን ገንዘብ፣ እውነት ወይም ሐሰት መሆኑ የሚታወቀው የቱ ነው?

ወርክሾፑ ደስ ይላል፤ ከዚያ ምንም አይለወጥም። ለምን?

ይኼ ቅሬታ እውነት ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ድርጅት ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ሠራን። ግድግዳው በወረቀት ተሸፈነ፣ ሰው ሳቀ፣ ፎቶ ተነሳን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ወረቀቶቹ ተጠቅልለው ከበር ጀርባ ቆመዋል። አንዱ ጫፍ ላይ አቧራ ነበር። አንዲት ወጣት ሠራተኛ «ያን ቀን የጻፍነው የት ደረሰ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያቺ ልጅ ሌላ ጊዜ ወረቀት ሲታደላት ምን ትጽፋለች?

ጥፋቱ የኔ ነበር። ሰዎቹን ያለ ስም፣ ያለ ቀን፣ ያለ ገንዘብ በትኛቸዋለሁ። አሁን ሦስት ነገር ሳይጻፍ ማንም ከክፍሉ አይወጣም፦ አንድ ሙከራ፣ አንድ ኃላፊ፣ አንድ ቀን። ኃላፊው ማንንም ሳያስፈቅድ ሊያወጣው የሚችለው ትንሽ ገንዘብም ይጻፋል። ብዙ ሙከራ የሚሞተው የሁለት ሺህ ብር ፊርማ ሲጠበቅ ነው። የቀረው ሐሳብ ሁሉ ደግሞ «ለምን ቀረ» የሚል አንድ መስመር ይጻፍበት።

ለውጡ ሠራተኛ መቀነስ የሚያመጣ ከሆነስ? ሰዎቹ ራሳቸውን የሚያስወጣ ነገር እንዲነድፉ መጠየቅ ተገቢ ነው?

ሳይነገራቸው ከሆነ ተገቢ አይደለም። ይኼን በግልጽ እላለሁ። ሰው እውቀቱን አውጥቶ ሰጥቶ፣ በወሩ በዚያው እውቀት ከሥራ ከወጣ፣ የቀሩት ሁለተኛ አፋቸውን አይከፍቱም። እውነትም አላቸው።

የማተሚያ ቤት ሠራተኞቹን አስታውሱ። እነሱ ወደ ፕሮጀክቱ የገቡት ስጋታቸውን ደብቀው አይደለም። ሙያችንን የሚያሳድግ እንጂ የሚያጠፋ መሣሪያ አንፈልግም ብለው ነው። ያ ፍላጎት የንድፉ አካል ሆነ። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ባለቤቱ ቃሉን ይናገር። ማንም እንደማይቀነስ ቃል መግባት የሚችል ከሆነ ጽፎ ይግባ። የማይችል ከሆነም ይኼንኑ ይናገር። «ከስድስት ወር በኋላ ለዚህ ማሽን አሥር ሰው አያስፈልገውም፤ የቀሩት ምን ይሥሩ የሚለውን አብረን እንፈልግ» ማለት ይከብዳል። ግን ሰዎቹ ቀድመው ጠርጥረውታል፤ ከአፉ ሲሰሙት ቢያንስ መነጋገር ይጀመራል።

ዲዛይን ቲንኪንግ ጊዜው አልፎበታል ይባላል። የማይሠራበት ቦታስ የቱ ነው?

ትችቱ አለ፤ መስማትም ያስፈልጋል። ናታሻ ጄን የምትባል ታዋቂ ግራፊክ ዲዛይነር በ2017 እ.ኤ.አ. ባደረገችው ንግግር ተለጣፊ ወረቀቱ በዝቶ ሥራውን በጥብቅ መተቸት ጠፍቷል ብላለች። ይኼን አሠራር በዓለም ያስተዋወቀው አይዲዮ የሚባለው ኩባንያም በ2023 ብዙ ሠራተኛ ቀንሶ አንዳንድ ቢሮዎቹን ዘግቷል። እኔ ከጄን ጋር እስማማለሁ። ሥራው ናሙናውን ሳይራሩ መተቸት ከሌለበት ጨዋታ ነው። ከደንበኛ ጋር አብሮ ማየትና ቀድሞ በትንሹ መሞከር ግን ፋሽኑ ቢያልፍም ጥቅሙ አያልፍም።

የማይሠራበት ቦታ ደግሞ ብዙ ነው። መልሱ የታወቀ ነገር ላይ አትጠቀሙበት። የታክስ ሕጉ ምን ይላል፣ የሕንፃው ምሰሶ ስንት ብረት ይፈልጋል፣ መድኃኒቱ በስንት ዲግሪ ይቀመጥ የሚሉት ባለሙያ ጠርተው የሚጠየቁ ናቸው። አለቃው መልሱን አስቀድሞ ወስኖ ሰው ለማጨብጨብ ብቻ ከተጠራም አይሠራም፤ ያን ጊዜ ውሳኔውን በቀጥታ ማሳወቅ ይሻላል። የወር ደመወዝ የሚከፈልበት ገንዘብ ከጠፋም እንዲሁ። እንዲህ ብለው የጠሩኝ ሰዎች ነበሩ። ወረቀቱንና ማርከሩን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። የሒሳብ መዝገቡን ይዘን ተቀመጥን፤ ያልተሰበሰበ ዱቤ ቆጠርን፤ ባለቤቱም ስልኩን አንስቶ ወደ መጀመሪያው ባለዕዳ ደወለ።